የኮንግረስ ተወካያችሁ አቋም ሌላ፣ የቢሮው ሥራ ሌላ፦ ስለ ተማሪ ብድር የምሰማቸው ስህተቶች

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች የተማሪ ብድር ወረቀት በመሙላት ሳግዝ ዓመታት አልፈዋል። ከቅጹ በላይ የሚያደክመኝ ከቅጹ በፊት የሚመጣው ወሬ ነው። አንዱ «የኮንግረስ ተወካያችን ዕዳው ይሰረዛል ብላለች» ብሎ መክፈል ያቆማል። ሌላው «የኛ ተወካይ ስረዛ የሚባል ነገር አይወድም፤ ቢሮው ሄጄ ምን ላገኝ?» ብሎ ችግሩን ታቅፎ ይቀመጣል። ሁለቱም የፖለቲከኛውን አቋም ከቢሮው ሥራ ጋር ቀላቅለውታል። በዚህ የተነሳ የታክስ ተመላሻቸው የተወሰደባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ የፈረንጆች ናቸው።

«ይሰረዛል ተብሏል፤ ለምን እከፍላለሁ?»

ማን ነው ያለው? ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ የአንድ የኮንግረስ አባል ስም ነው። እሺ፣ የሆነውን እንይ። በጁን 2019 የሚኒሶታዋ ኢልሃን ኦማር፣ ፕራሚላ ጃያፓልና ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ወደ 1.6 ትሪሊዮን ዶላር የሚገመተውን የተማሪ ዕዳ በሙሉ የሚሰርዝ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ኦማር እሳቸውም የተማሪ ዕዳ እንዳለባቸው በግልጽ ተናግረዋል። አቋማቸው የምር ነው። ረቂቁ ግን ሕግ አልሆነም። የተወካዮች ምክር ቤት 435 ድምፅ ሰጪ አባላት አሉት፤ ሴኔቱ ደግሞ 100። አንድ ረቂቅ ሁለቱንም አልፎ ፕሬዚዳንቱ ካልፈረሙበት ለናንተ ሂሳብ ምንም አያመጣም።

ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሞክረውም አልሆነም። የያኔው ፕሬዚዳንት ባይደን በኦገስት 2022 ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ተበዳሪዎች እስከ 10,000 ዶላር፣ ፔል ግራንት የሚባለውን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ለወሰዱት ደግሞ እስከ 20,000 ዶላር እሰርዛለሁ አሉ። በጁን 30 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ተቃዋሚዎቹ ዕቅዱን የሚሽር ውሳኔ በሁለቱም ምክር ቤቶች አሳልፈው ነበር። እሱን ደግሞ ባይደን ቬቶ አደረጉት። እንግዲህ በቴሌቪዥን የሰማችሁት የአንድ ተወካይ ንግግር ከዚህ ሁሉ በፊት ያለ ነገር ነው።

መክፈል ያቆመው ሰው ግን ጣጣው ብዙ ነው። የፌዴራል ብድር 270 ቀን ያህል ሳይከፈል ከቆየ ዲፎልት ይገባል፤ ማለትም ተበዳሪው ውሉን እንዳፈረሰ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ መንግሥት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ከደመወዝ እስከ 15 በመቶ እንዲቆርጥና የታክስ ተመላሽ እንዲወስድ ሕጉ ይፈቅድለታል። የይርጋ ገደብም የለውም። ወርሃዊ ክፍያው ከከበዳችሁ በገቢ ላይ የተመሠረተ አከፋፈል ጠይቁ። ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል፤ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ክፍያው በጣም ይቀንሳል። እባካችሁ ዝም ብላችሁ አታቁሙ።

«ኢትዮጵያ ከተመለስኩ ዕዳው ይቀራል።» አይቀርም። ወለዱም መቁጠሩን አያቆምም።

«ኪሳራ ባውጅ ይሰረዝልኛል።» እንደ ክሬዲት ካርድ ዕዳ በቀላሉ አይሰረዝም። ከባድ ችግር ላይ መሆናችሁን ለብቻው ለፍርድ ቤት ማስረዳት ግድ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በኖቬምበር 2022 ሂደቱን የሚያቀል መመሪያ ስላወጣ ጠበቃ ማማከር አይከፋም።

«ገንዘብ ከፍዬ የሚያሰርዝልኝ ድርጅት አገኘሁ።» ስልኩን ዝጉት። የፌዴራል ብድር ቅጾች በሙሉ በመንግሥቱ ድረ ገጽ በነፃ ይሞላሉ።

«ፓረንት ፕላስ ለልጄ የወሰድኩት ነው፤ ስትመረቅ ወደ እሷ ይዞራል።»

አይዞርም። ፓረንት ፕላስ ወላጅ ለልጁ ትምህርት በራሱ ስም የሚወስደው የፌዴራል ብድር ነው። ታክሲ የሚነዱ አንድ አባት ይህንን ስነግራቸው ተቆጡ። «ልጄ፣ ተማሪዋ እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። ተማሪዋ ልጃቸው ናት፤ የፈረሙት ግን እሳቸው ናቸው። ልጅቷ በየወሩ ብትከፍልላቸው ደግ ነው። ካልከፈለች የሚጠየቁት እሳቸው፣ የሚበላሸውም የሳቸው ክሬዲት ነው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ወላጆች ጣሪያ አስቀምጧል፤ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ከመምረጧ በፊት ይህንን ቁጥር ይዛችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ከጣሪያው በላይ ያለውን ከግል ባንክ እንበደራለን ካላችሁ፣ እዚያ ተማሪው ራሱ በሚወስደው የፌዴራል ብድር እንዳለው ያለ በገቢ ልክ የመክፈል መብት እንደማትጠብቁ ቀድማችሁ እወቁ።

«ሲቲዝን አይደለሁም፤ የተወካዩ ቢሮ አያነጋግረኝም።»

ተወካዩ የሚወክለው በዲስትሪክቱ፣ ማለትም በምርጫ ክልሉ፣ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ነው፤ የሚጠየቀውም አድራሻ ነው። በዲቪም በቤተሰብም መጥታችሁ ግሪን ካርድ ከያዛችሁ የፌዴራል ብድር መውሰድ ትችላላችሁ። ዕዳው የናንተ ከሆነ ስለ ዕዳው መጠየቅም የናንተ ነው።

«ስረዛን የሚቃወም ተወካይ ቢሮ በብድር ጉዳይ አይረዳም።»

ይህንን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ብዙ ሰው የጎዳውም እሱ ነው።

የኮንግረስ አባል ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዱ ዋሽንግተን ሆኖ ሕግ ማውጣት ነው። ሌላው በየዲስትሪክቱ ባለው ቢሮ የነዋሪውን ጉዳይ መከታተል ነው። በዚያ ቢሮ ኬዝወርከር የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ፣ የታክስ ተመላሽ፣ የተማሪ ብድር ሲጠላለፍ ለሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጥያቄ የሚልኩት እነሱ ናቸው። መሥሪያ ቤቶቹም የኮንግረስ ጥያቄ የሚቀበል ለብቻው የተመደበ ክፍል አላቸው። እናንተ ስልክ ይዛችሁ ሙዚቃ የምትሰሙበት ወረፋ እዚያ የለም። አገልግሎቱ ነፃ ነው። የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ደንብም ነዋሪውን «ደግፎናል፣ አልደገፈንም» ብሎ መለየትን አይፈቅድም።

አንዲት ነርስ ላንሳ። የምትሠራው ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ወይም መንግሥት ቤት በሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው 120 ወርሃዊ ክፍያ ከፈጸመ ቀሪው ዕዳ ይቅር ይባላል። ፕሮግራሙ የወጣው በ2007 ነው፤ የፈረሙትም ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ናቸው። እሷ 120ውን ጨርሻለሁ ትላለች፤ ብድሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ደግሞ ብዙ ወር አጉድሎባታል። በደወለች ቁጥር መልሱ «እየታየ ነው» ነበር። ለተወካይሽ ቢሮ ጻፊ አልኳት። «ለሱማ አልጽፍም! ስረዛን ሲሳደብ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። ወራት እንዲሁ አለፉ።

በመጨረሻ ጻፈች። የቢሮው ሠራተኛ በማግስቱ ደውላ ፎርም ላከችላት፤ ጥያቄው ለትምህርት ሚኒስቴሩ ሄደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእያንዳንዱን ወር ሁኔታ የሚያስረዳ መልስ በጽሑፍ መጣ። የጎደሉት አብዛኞቹ ወራት ተመለሱላት። በሳምንት ከ30 ሰዓት በታች የሠራችባቸው ግን አልተቆጠሩም፤ ሕጉ ስለሆነ ቢሮውም ሊለውጠው አይችልም። ቢያንስ ምን እንደቀራት አወቀች። የሷ ተወካይ በዚያው ሰሞን በቴሌቪዥን ስረዛን እየተቃወሙ ነበር። አቋማቸው አልተለወጠም፤ ቢሯቸውም ሥራውን ሠራ።

ቢሮው የማይችለውንም እወቁ። ዕዳ መሰረዝ አይችልም። መሥሪያ ቤቱን «እንዲህ ወስን» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ፍርድ ቤት በያዘው ጉዳይ አይገባም። የሚችለው የተቀበረ ፋይል አስወጥቶ መልስ ማስሰጠት ነው። በኔ ልምድ ደግሞ ከግማሽ በላዩ ችግር መልስ ማጣት ነው።

ለመጻፍ ከወሰናችሁ በዋሽንግተኑ ቢሮ አትጀምሩ፤ የዲስትሪክቱን ቢሮ ፈልጉ። የግል መረጃ ፈቃድ ፎርም ይሰጧችኋል። በ1974ቱ የግል መረጃ ሕግ ምክንያት ያለ ፊርማችሁ ማንም መሥሪያ ቤት ስለናንተ አያወራቸውም፤ ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ፈርማችሁ መልሱ። ከዚያ ችግሩን በአንድ ገጽ ጻፉ። መቼ ምን እንደሆነ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የምትፈልጉትን በትክክል ይናገር፤ «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ያለው ክፍያዬ ይቆጠርልኝ» ዓይነት። «እርዱኝ» ብቻ ብትሉ ሠራተኛዋ ምን እንደምትጠይቅላችሁ አታውቅም። ብድራችሁን ከሚያስተዳድረው ድርጅት የመጡ ደብዳቤዎችን ኮፒ አያይዙ። የይለፍ ቃላችሁን ግን ለማንም አትስጡ፤ ቢሮውም አይጠይቃችሁም። ለተወካዩና ለሁለቱም ሴናተሮች በአንድ ቀን አትላኩ፤ አንዱን መርጣችሁ ጠብቁ። የዲሲ ነዋሪዎች ሴናተር ባይኖራችሁም፣ ዴሌጌት የሚባለው የዲሲ ተወካይ በሕግ ማጽደቅ ላይ ድምፅ ባይኖረውም፣ ቢሮው ይህንን ሥራ ይሠራል።

«ብንደውል፣ ስብሰባ ብንሄድ ማን ይሰማናል?»

ይሰማሉ። የካፒቶሉ ስልክ 202-224-3121 ነው፤ የተወካያችሁን ቢሮ ጠይቁ፣ ያገናኟችኋል። ሠራተኛው ዚፕ ኮዳችሁን ጠይቆ ሐሳባችሁን ይመዘግባል። ታውን ሆል የሚሉት ሕዝባዊ ስብሰባም አለ፤ አንዳንዶቹ በስልክ ነው የሚካሄዱት፣ ሶፋችሁ ላይ ሆናችሁ ትጠይቃላችሁ። አንድ የምክር ቤት አባል በአማካይ 760,000 ያህል ሰው ይወክላል። ከዚያ ውስጥ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ ከጥቂቱም ያነሰ።

ተወካዮች አቋማቸውን ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ሕይወት ነው የሚያመጡት። የኖርዝ ካሮላይናዋ ቨርጂኒያ ፎክስ እየሠሩ እንደተማሩ ይናገራሉ፤ በ2012 በሬዲዮ ከባድ ዕዳ ይዘው ለሚመረቁ ብዙም ትዕግሥት እንደሌላቸው ገልጸዋል። እንዲህ ለሚያስብ ሰው መፈክር አትንገሩ። የናንተን ሂሳብ ንገሩ፤ ምን ያህል እንደተበደራችሁ፣ ምን ያህል እንደከፈላችሁ፣ ወለዱ ተጨምሮበት ዛሬ ምን ያህል እንደቀረ። ሌሊት ሆስፒታል ሠርታ ቀን ክፍል የገባች እህታችን ለእንዲህ ያለ ተወካይ የምትነግረው ብዙ አላት።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በየሁለት ዓመቱ ነው። ጉዳያችሁ ሳያልቅ ተወካያችሁ ከተቀየሩ ፋይሉ በራሱ ወደ አዲሱ ቢሮ ይተላለፋል ብላችሁ አትጠብቁ። የላካችሁትን ሁሉ ኮፒ ያዙ፤ በጃንዋሪ ለአዲሱ ቢሮ ደውላችሁ ፎርሙን እንደገና ፈርሙ።