«ካውታው» ምንድን ነው?

«መንግሥታችን ለማንም ካውታው አያደርግም» የሚል የእንግሊዝኛ ዜና ተርጉም ቢባል ብዙ ሰው «አይሰግድም» ብሎ ያልፋል። ስሕተት አይደለም፤ ግን የቃሉ መርዝ ይቀራል። ስግደት እኛ ዘንድ ነውር የለበትም። የአምልኮ ስግደት አለ፣ የአክብሮት ስግደት አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ግንባሩን መሬት የሚያስነካን ሰው አጎብዳጅ የሚለው የለም። «ካውታው» ግን በእንግሊዝኛ ስድብ ነው።

ቃሉ ከቻይንኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው ግንባርን መሬት ላይ መምታት ነው። በቻይናም ቢሆን ልጅ ለወላጁ፣ ሕያው ለሙት አያቶቹ፣ ሹም ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያደርገው የወግ ነገር ነበር። በቤተ መንግሥት ሙሉው ሥርዓት ሦስት ጊዜ መንበርከክ፣ በተንበረከኩ ቁጥርም ሦስት ጊዜ ግንባርን መሬት ማስነካት ነው፤ በድምሩ 9።

ታዲያ ቃሉን ማን አከፋው? እንግሊዞች። እ.ኤ.አ. በ1793 ሎርድ ማካርትኒ ንግድ እንዲሰፋ ለመደራደር ከንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ተልኮ፣ ዕድሜው 80 ካለፈው ከንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ዘንድ ሄደ። ሹማምንቱ 9ኙን ስግደት ጠየቁት። የመለሰው መልስ ሁልጊዜ ያስቀኛል፦ እሰግዳለሁ፣ ነገር ግን በማዕረግ የሚተካከለኝ ሹም ለንጉሤ ሥዕል እንዲሁ ይስገድ! አልሆነም። በመጨረሻ ለገዛ ንጉሡ እንደሚያደርገው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ተገላገለ። በእንግሊዝ ወግ እጅ መሳምም ነበረበት፤ እሱን ቻይናውያኑ ራሳቸው አስቀሩት። አንዱ ጉልበት ክብር ነው፤ ሁለተኛው ሲጨመር ውርደት ሆነ ማለት ነው።

በ1816 የተላከው ሎርድ አምኸርስት አልሰግድም ብሎ ንጉሠ ነገሥቱን ሳያይ ተሸኘ። በ1795 የሄዱት ደቾች በበኩላቸው ደጋግመው ሰገዱ፤ ንግዳቸው ግን አልሰፋላቸውም። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መካከል ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ፤ ከጊዜ በኋላ ግንባሩ ወደቀና ንቀቱ ብቻ ቀረ። ዛሬ ካውታው ለማድረግ መንበርከክ አያስፈልግም፤ አለቃው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ራስን በእሺታ መነቅነቅ ይበቃል።

የዚህ ቃል ዘመዶች በእንግሊዝኛ ብዙ ናቸው። «ቶዲ» የሚባለው አሸርጋጅ ስሙን ያገኘው ከጉርጥ ነው። የጥንት የገበያ መድኃኒት ሻጭ መርዘኛ ነው የሚባለውን ጉርጥ ረዳቱን ያስበላው ወይም የበላ ያስመስለው ነበር፤ ከዚያ «ይኸው፣ መድኃኒቴ አዳነው!» ይላል። ለጌታው ገበያ ሲል ጉርጥ የሚውጥ ሎሌ፣ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላውቅም። «ፎን» (fawn)፣ ማለትም ማሽቆጥቆጥ፣ ደግሞ መጀመሪያ የተባለው ጌታውን አይቶ ደስ ላለው ውሻ ነው፤ ይህን እኛም ጭራውን ይቆላል እንላለን።

አማርኛም በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። አጎብዳጅ ጀርባውን አጉብጦ ይታያል፤ አሸርጋጅ ከጌታው ዙሪያ ሽር ጉድ ሲል ይውላል፤ አድርባይ ግን ነገ ማን እንደሚሾም የሚያሰላ ነው፣ ወገቡ ቀጥ ብሎም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የማካርትኒን ታሪክ ስጽፍ «መስገድ» እላለሁ፤ ለዚያ ዜና ግን «መንግሥታችን ለማንም አያጎበድድም» ብዬ እተረጉማለሁ።