ሲምሩት፦ ሥርን በኮምፒውተር ማብቀል

ሲምሩት የተክል ሥር ከአፈር በታች እንዴት እንደሚያድግ፣ ውኃና ንጥረ ምግብ እንዴት እንደሚወስድ፣ ለዚህም ተክሉ ምን ያህል ወጪ እንደሚያወጣ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ነው። የተሠራው በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ጆናታን ሊንች በሚመራው የምርምር ቡድን ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በጥናት መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ2017 በጀርመን የዩሊሽ የምርምር ማዕከል የሚሠራው ዮሐንስ ፖስትማና አጋሮቹ ኦፕንሲምሩት የተባለውን አዲስ ቅርጹን አወጡ። ይህኛው ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው አውርዶ ሊሠራበት፣ ከፍቶም ሊያሻሽለው ይችላል።

እንዲህ ያለ ሞዴል ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሥር አይታይም። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካዊው ጆን ዊቨር በነብራስካ ሜዳዎች ጉድጓድ እየቆፈረ የሰብሎችን ሥር በሥዕል ያስቀምጥ ነበር። ሃዋርድ ዲትመር ደግሞ በ1937 በሣጥን አፈር ውስጥ ለአራት ወር ያደገች አንዲት ራይ (የስንዴ ዘመድ ናት) ሥሮቿን አጥቦ ለካ። በስሌቱ መሠረት የሥሮቿ ጠቅላላ ርዝመት 620 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሥር ፀጉሮቿ ደግሞ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ሁለቱም ሥራዎች እስከ ዛሬ በአክብሮት ይጠቀሳሉ። ሆኖም ሥሩን ለማየት ተክሉን መግደል ግድ ነበር፤ የተነቀለ ሥር ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የት ይደርስ እንደነበር ሊነግረን አይችልም።

ሲምሩት በዚህ መስክ ብቸኛው አይደለም። በአውስትራሊያ ሩትማፕ የተባለው ሞዴል በ1988 ወጥቷል፤ ፈረንሳዮች ሩትቲፕ የሚባል አላቸው፤ በ2013 የታተመ አንድ የጋራ ዳሰሳ እንዲህ ያሉ ስድስት ሞዴሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መርምሯል። ሲምሩትን ልዩ ትኩረት እንዲሰጠው የሚያደርገው፣ በእኔ አመለካከት፣ የሥሩን ቅርጽ ከመሳል አልፎ ሥሩ ለተክሉ ያዋጣዋል ወይስ አያዋጣውም ብሎ መጠየቁ ነው።

በሞዴሉ ውስጥ እያንዳንዱ ሥር የተያያዙ አጫጭር ቁርጥራጮች ሰንሰለት ነው። ጊዜው አንድ እርምጃ ሲገፋ የሥሩ ጫፍ ትንሽ ወደፊት ይሄዳል። በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ በስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል፣ ወደ ምድር ስበት ምን ያህል እንደሚጎበጥ፣ በየስንት ሚሊ ሜትሩ የጎን ሥር እንደሚያወጣ የሚወስኑት ከእውነተኛ ተክሎች የተለኩ ቁጥሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ቁጥሮች በተወሰነ ክልል ውስጥ በዕጣ ስለሚወጡ አንድ ዓይነት ዘር ሁለት ጊዜ ቢበቅል ሁለቱ ሥሮች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም፤ በማሳም የምናየው ይህንኑ ነው።

ከባዱ ሥራ የአፈሩ ነው። ናይትሬት (ተክሉ ናይትሮጅን የሚያገኝበት ውህድ) በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ከውኃው ጋር ይጓዛል፤ ዝናብ ሲበረታ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ተክሉ ውኃ ሲስብ ደግሞ አብሮ ወደ ሥሩ ይመጣል። ተክሉ ፎስፈረስ የሚያገኝበት ፎስፌት ግን ከአፈር ቅንጣቶች ጋር ተጣብቆ የሚኖር ንጥረ ነገር ነው። ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ፎስፌት ከጨረሰ በኋላ ከሩቅ የሚተካው እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ የተራቆተው ቦታ ከሥሩ ዙሪያ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ናይትሬት ለመያዝ ጥቂት ሥሮች ሰፊ አፈር ሊያዳርሱ ይችላሉ፤ ፎስፈረስ ለማግኘት ግን ሥሩ ራሱ ወደ ፎስፈረሱ መሄድ አለበት። የሥር ፀጉር ዋጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባይበልጥም ሥሩ የሚደርስበትን አፈር ያሰፋዋል።

ሞዴሉም ሁለቱን ለየብቻ ያሰላቸዋል። ለፎስፈረስ በእያንዳንዱ የሥር ቁራጭ ዙሪያ ያለውን አፈር በቀለበት በቀለበት ከፍሎ፣ ባርበርና ኩሽማን በ1981 ባቀረቡት ዘዴ ይሠራል። ለውኃና ለናይትሬት ግን መላውን አፈር በሦስት አቅጣጫ መረብ ይከፋፍላል፤ ውኃውን የአፈር ውኃን እንቅስቃሴ በሚገልጸው፣ መሠረቱ በ1931 በተጣለው የሪቻርድስ ቀመር ያንቀሳቅሰዋል፣ ናይትሬቱንም ከውኃው ጋር ያስጉዘዋል። ንጥረ ነገሩ ሥሩ ወለል ላይ ከደረሰ በኋላ የሚገባበትን ፍጥነት የሚወስነው የሚካኤሊስና ሜንተን ቀመር ነው፤ በአካባቢው ያለው መጠን ሲጨምር አወሳሰዱም ይጨምራል፣ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ግን ሥሩ የቻለውን ያህል እየወሰደ ስለሆነ ፍጥነቱ ባለበት ይቆማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ወጪ ነው። ቅጠል የሠራው ስኳር ከፊሉ ወደ ሥር ይወርዳል፤ ሥርን ለመገንባት ብቻ ሳይሆን የተገነባውን በሕይወት ለማቆየትም በየቀኑ ይቃጠላል። ሥሩ ያመጣው ፎስፈረስ ወይም ናይትሮጅን ካነሰ ቅጠሉ ይቀጭጫል፣ ስኳሩ ይቀንሳል፣ በቀጣዩ ቀን የሚያድገው ሥርም ያጥራል። ሥር የበዛለት ተክል ሁሉ ይጠቀማል የሚለው ግምት በዚህ ስሌት አይጸናም። ለምሳሌ አንዳንድ የበቆሎ ዝርያዎች በሥራቸው ቅርፊት ውስጥ ሕያው ሕዋሶች ሞተው የአየር ክፍተት ይፈጠራል። የሞተ ሕዋስ ስኳር አይፈልግም፤ ይዞት የነበረው ንጥረ ምግብም ለሌላ ሥራ ይውላል። ፖስትማና ሊንች በ2011 እንዳወጡት ስሌት፣ የ40 ቀን በቆሎ ይህ ክፍተት ሲኖረው እድገቱ ናይትሮጅን ባነሰበት አፈር እስከ 55 በመቶ፣ ፎስፈረስ ባነሰበት እስከ 54 በመቶ፣ ፖታሲየም ባነሰበት ደግሞ እስከ 72 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በማሳ ላይ ይህን አንድ ጠባይ ብቻ ለይቶ መፈተን እጅግ ያስቸግራል፤ በሞዴሉ ግን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ እሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል።

በ2014 የጎን ሥሮችን ጥግግት የመረመረው ሥራ ደግሞ ለአዳቃዮች ከባድ ጥያቄ ይዞ መጣ። በቆሎ ናይትሬት ሲያንሰው የሚሻለው በሴንቲ ሜትር ከ7 ያነሱ ረጃጅም የጎን ሥሮች ማውጣት ነው፤ ፎስፈረስ ሲያንሰው ግን ከ9 የበለጡ አጫጭሮች ይሻሉታል። ለሁለቱም ችግር የሚሆን አንድ ሥር የለም ማለት ነው። በማዘንበል በኩልም እንዲሁ ነው፤ ፎስፈረስ በላይኛው አፈር ስለሚከማች ሥሯን ወደ ጎን የምትዘረጋ ቦሎቄ ትጠቀማለች፣ ወደ ታች ለሚሸሸው ናይትሬትና ለጥልቅ እርጥበት ግን ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ወጪው ያነሰ ሥር ያስፈልጋል። ሊንች በ2013 ለበቆሎ ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ለኛ አገር አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው የ2012ቱ ሥራ ይመስለኛል። በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባን አብሮ መዝራት በመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ በሐረርጌና በደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬዎችም በቆሎና ቦሎቄን አብረው ይዘራሉ። ሞዴሉ ሦስቱን ሰብሎች በአንድ አፈር አብቅሎ ሲያሰላ፣ ሥሮቻቸው የተለያየ ጥልቀት ስለሚይዙ እንደ ናይትሬት ያለውን ተንቀሳቃሽ ንጥረ ነገር ለየብቻ ከተዘሩት የተሻለ ይወስዳሉ። ፎስፈረስን በተመለከተ ግን ሰብሎቹ ያን ያህል አይሻሙም፤ የአንዱ ሥር ከሚያራቁተው ጠባብ ቦታ ሌላው ብዙም ስለማይደርስ ጥቅሙም የዚያኑ ያህል ያንሳል። ገበሬው በልምድ ያወቀውን ነገር በየትኛው ንጥረ ምግብ እንደሚሠራና በየትኛው እንደማይሠራ መለየት ትልቅ እርዳታ ነው። በተለይ በወለጋ፣ በጎጃምና በጅማ አሲዳማ ቀይ አፈር፣ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረስን አጥብቀው በሚይዙበትና ገበሬው ኖራና ማዳበሪያ በውድ በሚገዛበት ቦታ፣ የሥር ጠባይ ጉዳይ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ሞዴሉ የማያሳያቸው ነገሮችም አሉ። አብዛኞቹ ስሌቶች የሚሸፍኑት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እድገት እንጂ እስከ አጨዳ ያለውን አይደለም፤ ስለዚህ በሄክታር ስንት ኩንታል ይገኛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝበትም። ከሥር ጋር ተጋግዘው ፎስፈረስ የሚያመጡት ፈንገሶች ብዙውን ጊዜ ከስሌቱ ውጭ ናቸው። በበጋ እየተሰነጠቀ ሥር የሚበጥሰው ዋልካ አፈርም፣ አፈርን እንደ ተያያዘ አካል ለሚቆጥር ቀመር አይመችም።

ውጤቱን ከእውነታው ጋር ለማስተያየት ተመራማሪዎች በሆስፒታል የምናውቃቸውን ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ለማሰሮ አፈር ይጠቀማሉ፤ ዩሊሽ በዚህ ሥራ ይታወቃል። የማሳው መንገድ ግን በጣም ርካሽ ነው። በ2011 በይፋ በተገለጸው ዘዴ አካፋ ይዞ ተክሉን ከነሥሩ መንቀል፣ በውኃ ማጠብ፣ የሥሮቹን ዝንባሌ በሰሌዳ ላይ በተሠመሩ ዲግሪዎች መለካት፣ የጎን ሥሮችንም መቁጠር ነው። አንድን የአገር ውስጥ ዝርያ ወደ ሞዴሉ ለማስገባት የሥሩ የእድገት ፍጥነትና የአወሳሰዱ ልኬት ተጨማሪ ሙከራ ይፈልጋሉ፤ ዝንባሌውንና ቅርንጫፉን ግን አንድ የምርምር ጣቢያ በአካፋ፣ በባልዲ ውኃና በማስመሪያ ሊጀምራቸው ይችላል።