ክርስቲያኖች ራሳቸውን የሚጠሩባቸው ስሞች

ክርስቲያኖች ራሳቸውን በብዙ ስም ይጠራሉ፦ ደቀ መዝሙር፣ ቅዱሳን፣ የእግዚአብሔር ልጅ፣ ባሪያ፣ ኃጢአተኛ፣ መጻተኛ። አንዱ ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው ዝቅ ያደርጋል። አማኝ እነዚህን ስሞች ሲናገር ስለ ራሱ ያለውን ግምት እየገለጸ አይደለም። እግዚአብሔር ስለ እርሱ ያለውን አምኖ እየተቀበለ ነው። ኃይላቸው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

«ክርስቲያን» የሚለው ስም መጀመሪያ የተሰማው በአንጾኪያ ነው (የሐዋርያት ሥራ 11፥26)። በአዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው 3 ጊዜ ብቻ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል። አማኞቹ እርስ በርስ የሚጠራሩት «ወንድሞች» እና «ቅዱሳን» እየተባባሉ ነበር። ክርስቲያን ያሏቸው የውጭ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ብዙም ሳይቆይ ይህ ስም ሕይወት የሚያስከፍል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ሮማዊው ገዥ ፕሊኒ የተከሰሱትን «ክርስቲያን ነህ?» እያለ እስከ ሦስት ጊዜ ይጠይቅ ነበር። «ነኝ» ብሎ የጸናው ይገደላል። በ203 በካርታጎ የታሰረችው ወጣቷ እናት ፐርፔቱዋ አባቷ እምነቷን እንድትተው ሲለምናት በአጠገባቸው ያለውን የውኃ ዕቃ አሳየችው። ይህን ዕቃ ከሆነው ውጭ በሌላ ስም መጥራት ይቻላል ወይ አለችው። አይቻልም አላት። እኔም ከሆንኩት ከክርስቲያንነቴ ውጭ ራሴን በሌላ ልጠራ አልችልም ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ምን ክርክር ይኖራል?

በ2014 በኢራቋ ሞሱል ከተማ የአይሲስ ታጣቂዎች በክርስቲያኖች ቤት ላይ «ኑን» የምትባለውን የዐረብኛ ፊደል ጻፉ። «ናዝራውያን»፣ ማለትም ክርስቲያኖች፣ የሚለው የዐረብኛ ቃል የሚጀምርባት ፊደል ናት። በሌላው ዓለም ያሉ ክርስቲያኖች ፊደሏን የራሳቸው ምልክት አድርገው ያዟት።

«ቅዱሳን» የሚለው ስም ደግሞ ሌላ ጉልበት አለው። በካቶሊክና በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን በቅድስናቸው ለምታከብራቸው ሰዎች ይውላል። ጳውሎስ ግን ለመላው ጉባኤ ተጠቅሞበታል። ያውም ለቆሮንቶስ ሰዎች! በቡድን ተከፋፍለው ይጣሉ፣ ፍርድ ቤትም ይካሰሱ ነበር። ጳውሎስ መልእክቱን የጀመረው «ቅዱሳን ለመሆን ለተጠሩት» ብሎ ነው። ተግሣጹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በምዕራፍ 6 ክፉ ሥራቸውን ከዘረዘረ በኋላ ታጥባችኋል፣ ተቀድሳችኋል ይላቸዋል። ስሙ ቀደመ፣ ኑሮው እንዲከተል ተጠየቀ። ለእኔ ከሁሉም ጥልቁ ነገር ይህ ቅደም ተከተል ነው።

«ኃጢአተኛ» የሚለውም የራሱ ቦታ አለው። ቀራጩ ደረቱን እየመታ የጸለየው በዚሁ ቃል ነው (ሉቃስ 18፥13)። የምሥራቅ መነኮሳት «የኢየሱስ ጸሎት» በሚባለው፣ «ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ኃጢአተኛውን እኔን ማረኝ» በሚለው አጭር ጸሎት ቀን ከሌት ይደጋግሙታል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ሉተር አማኝ በአንድ ጊዜ ጻድቅም ኃጢአተኛም ነው ብሎ አስተምሯል። ሁለቱን ማለያየት ችግር ያመጣል። «ኃጢአተኛ» ብቻውን ሲቀር ሰበብ ይሆናል፤ «ጻድቅ» ብቻውን ሲቀር ትዕቢት።

መሪዎችም በእነዚህ ስሞች ራሳቸውን ገርተዋል። በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የነበሩት የሮም ሊቀ ጳጳስ (ፖፕ) ጎርጎርዮስ ራሳቸውን «የእግዚአብሔር አገልጋዮች አገልጋይ» ብለው ይጠሩ ነበር። አውግስጢኖስም ለምእመናኑ «ለእናንተ ጳጳስ ነኝ፣ ከእናንተ ጋር ግን ክርስቲያን ነኝ» ብሏል።

በ20ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ እንደ ኬኔዝ ሄገን ያሉ ሰባኪዎች «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እኔ ባለጠጋ ነኝ» ብሎ ማወጅን አስፋፉ። «ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው» የሚለው ምሳሌ 18፥21 ዋና ጥቅሳቸው ነው። ምላስ ኃይል እንዳላት መጽሐፍ ቅዱስ አይክድም። ነገር ግን የእግዚአብሔር ልጅ መባል እና የፈለጉትን ማወጅ ለየቅል ናቸው። ልጅነትን የሚሰጠው አባት ነው። ጳውሎስ በሮሜ 8 «አባ» ብለን የምንጮኸው በተቀበልነው መንፈስ እንደሆነ ይናገራል። በዚያው ምዕራፍ ላይ ልጆች ከክርስቶስ ጋር መከራ እንደሚቀበሉም ጽፏል።