«የፋብሪካ ሐኪም» ስለሚባለው ስፔሻሊቲ የሚወሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጂፒ (ገና ስፔሻሊስት ያልሆነ ጠቅላላ ሐኪም) «ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊስትነት ሥልጠና፣ የምገባው በሥራ ጤናና በመከላከል ሕክምና ነው» ቢል፣ መጀመሪያ የሚሰማው «ምነው፣ ሰርጀሪ አልደረሰህም?» የሚል ነው። ከተማው እኮ በፋብሪካ ተከቧል! ብርድ ልብሱ፣ ቢራው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፤ ወደ ለሚ ዘለቅ ካሉ ደግሞ ሲሚንቶው። እስቲ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው። ሥልጠናውን ሳነሳ የማወራው ስለ አሜሪካው ነው፤ ብዙ ልጆቻችን የአሜሪካውን የሐኪሞች ፈተና የሚያጠኑት ለዚያ ነውና።

«ክሊኒክ ቁጭ ብሎ ፓራሲታሞልና ሲክ ሊቭ መስጠት ነው»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ድንጋይ ጠራቢ እናስብ። ወራት ሙሉ ይስላል፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አክታው ይመረመራል፣ ምንም የለም ይባላል፣ መድኃኒት ተጽፎለት ወደዚያው አቧራ ይመለሳል። ምን ሠርቶ እንደሚያድር የጠየቀው ሰው የለም። ብዙ ዓይነት ድንጋይ ሲቆረጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ያለበት ብናኝ ይነሳል፤ ዓይን የማያየው ደቃቁ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባና ጠባሳ ይተዋል። ሲሊኮሲስ ይሉታል። ጠባሳው አይሽርም፣ ሰውየው ሥራውን ከተወ በኋላም ሊብስበት ይችላል፣ ለቲቢም ያጋልጠዋል፤ ስለዚህ ቲቢ ተገኘበት ማለት ምርመራው አለቀ ማለት አይደለም። የዚህ ሙያ ሐኪም በሽተኛውን አይቶ አያበቃም፣ ሥራ ቦታው ድረስ ይሄዳል። ድንጋዩ የሚቆረጠው በውኃ ነው በደረቁ? አጠገቡ የሚሠሩትስ ይስላሉ? ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ «በሽተኛውን ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁት» ያለው እንደ ፈረንጆቹ በ1700 ነው። እኛ ዛሬም ካርዱ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ብለን እናልፋለን።

«ማስክ ካደረጉ አበቃ»

አላበቃም። ተራ ማስክ ይህን ብናኝ አያቆምም። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ ወይም በሌላ መተካት፣ ካልተቻለ አቧራውን ከምንጩ በውኃ ወይም በመምጠጫ ማፈን፣ ከዚያ የሥራ ሰዓትና አሠራር ማስተካከል ነው። ማስክ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ብዙ አለቃ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፣ ርካሽ ነዋ።

«ቀላል ሬዚደንሲ ነው፣ ሌላ ያጣ የሚገባበት»

አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ እንደማንኛውም ሬዚደንት በሽተኛ ያያሉ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሥልጠና አለ፤ በመሃል የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ፣ ከነኤፒዲሚዮሎጂው (የበሽታ ስርጭት ጥናት) እና ከነስታትስቲክሱ፣ ይሠራል። ለስፔሻሊስቶቹ ማረጋገጫ የሚሰጠው የአሜሪካው ቦርድ እንደ ፈረንጆቹ ከ1948 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከሥራ ጤና ሌላ የኅብረተሰብ ጤናና የበረራ ሕክምና ዘርፎችም አሉት። የሌሊት ተረኝነቱ ከሰርጀሪ ያነሰ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ሌላ ስፔሻሊቲ ጨርሰው፣ ዓመታት ሠርተው የሚመጡበትም ብዙ ናቸው።

«የአለቃ ሰላይ ነው»

ሠራተኛው ቢፈራ አልፈርድበትም፤ ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር እንደ ፈረንጆቹ በ1992 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ግን ግልጽ ነው፦ ለአሠሪ የሚነገረው ሰውየው ለሥራው ብቁ መሆን አለመሆኑና ምን ዓይነት ሥራ እንደማይስማማው ነው፣ በሽታው አይደለም። ምርመራ ስትጠራ «ውጤቴ ለማን ነው የሚሄደው?» ብለህ ጠይቅ።

«ለፋብሪካ ሰው ብቻ ነው»

ሸዋሮቢት ወርደህ ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጨውን ገበሬ እይ። ቆላ ነው፣ ይሞቃል፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይረጫል። መድኃኒቱ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው የፀረ ተባይ ዓይነት ከሆነ በቆዳ ይገባል፤ ላብና ምራቅ ያበዛል፣ ያስታውካል፣ የዓይን ብሌን ያጠብባል። ማታ ያንኑ ልብስ ሚስቱ በእጇ ታጥባለች፤ እሷንም መጠየቅና መመርመር ያስፈልጋል።