ባስን በለስላሳ የፕላስቲክ ዓሣ የማጥመድ ዘዴ

ባስ የሰሜን አሜሪካ አዳኝ ዓሣ ነው። ላርጅማውዝ፣ ስሞልማውዝና ስፖትድ የሚባሉት ዝርያዎቹ በስፖርት አጥማጆች ዘንድ በጣም ይፈለጋሉ። ከሚያዝባቸው ሰው ሠራሽ ማታለያዎች አንዱ ከ7 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ለስላሳ የፕላስቲክ ዓሣ ሲሆን፣ የሚሰካውም ጂግ በሚባል፣ ክብደት በተበየደበት መንጠቆ ላይ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ከባዱ ነገር አጥማጁ እጁን እንዲያሳርፍ ማስተማር ነው።

ለስላሳ ፕላስቲክ መጀመሪያ የተሠራው በትል መልክ ነበር። ኒክ ክሬም የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 በአክረን፣ ኦሃዮ የፕላስቲክ ትል ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ ድርጅቱ በኋላ ወደ ታይለር፣ ቴክሳስ ተዛወረ። ሬይ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1967 በአርካንሶው ቢቨር ሐይቅ የባስ ማጥመድ ውድድር ካዘጋጀ በኋላ የሽልማት ገንዘብ እየበዛ ሄደ፤ አምራቾችም በየዓመቱ አዲስ ቅርጽ ይዘው መቅረብ ጀመሩ። ጃፓኖችም የራሳቸውን ጨመሩበት። ባስ ወደ ጃፓን የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ዓሣው ከአሜሪካ ወደዚያ ሄደ፣ ዛሬ በአሜሪካ የሚወደሰው ረቂቅ አጠማመድ ደግሞ በብዛት ከዚያ መጣ።

ዘዴው ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት ባስ የሚበላውን ማወቅ ይጠቅማል። በደቡባዊ ግዛቶች ግድቦች ውስጥ ዋናው ምግቡ ሻድ የሚባል ብርማ ትንሽ ዓሣ ነው። ከሻድ ዝርያዎች አንዱ የሆነው ትሬድፊን ብርድ አይችልም፤ ውኃው ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ይዳከማል፣ መዋኘት ያቅተዋል፣ ይሞታል። ባሱ ከመንጋው በታች ሆኖ የደከመውን ይጠብቃል። ስለዚህ በብርድ ወራት ብዙ የሚንቀሳቀስ ማታለያ ሐሰተኛነቱን ራሱ ይናገራል፤ ዝም ብሎ የሚንሳፈፈው ግን ሊሞት የተቃረበ ሻድ ይመስላል። ጭራው ቀጭን የሆነው ወይም እንደ ሹካ የተሰነጠቀው ለዚህ ጊዜ ይሆናል። ጭራው እንደ መቅዘፊያ ጠፍጥፎ የሚወዛወዘው ደግሞ ውኃው ሲሞቅና ዓሣው ሲያሳድድ ይመረጣል።

ጀማሪ ሱቅ ገብቶ ስለ ቀለም ይጨነቃል። የሚያስጨንቀው ግን ክብደቱ ሊሆን ይገባል። የባስ ዓይን ቀይና አረንጓዴን በደንብ ይለያል፣ ሌላውን ግን እንደ እኛ አያየውም፤ ለጠራ ውኃ ብርማ ወይም ግራጫ፣ ለደፈረሰ ነጭ ከያዙ ብዙ አይሳሳቱም። ክብደት ግን ማታለያው በስንት ጥልቀት እንደሚቆይ ይወስናል። ባስ ምግቡን በአብዛኛው ወደ ላይ አይቶ ስለሚያጠቃ፣ ከእሱ በታች ያለፈ ማታለያ እንዳልተወረወረ ይቆጠራል። ዓሣው ከ3 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ካለ 1.8 ወይም 3.5 ግራም ይበቃል፤ ወደ 6 ሜትር ሲወርድ 5 ወይም 7 ግራም፤ ንፋስ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ። በሁለት ክብደቶች መካከል ሲወላውሉ ቀላሉን መምረጥ ይሻላል።

አሰካኩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መንጠቆው በአካሉ መሐል ሄዶ በጀርባው በትክክል መሐል መውጣት አለበት፤ ትንሽ ከተጣመመ ማታለያው እየተሽከረከረ ክሩን ያጠማዝዛል። አንገቱ ላይ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ማድረግ ፕላስቲኩ እንዳይንሸራተት ይረዳል። በጀልባ ስር በቀጥታ አውርዶ ለማንጠልጠል ሲፈለግ ደግሞ የክሩ ቋጠሮ ማታለያው አግድም እንዲተኛ ሆኖ ይስተካከላል። አንድ ዓሣ ከተያዘ በኋላ ቋጠሮው ስለሚንሸራተት እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ይህን ይረሱና ማታለያው አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ሲንጠለጠል ዓሣው ጠፋ ይላሉ።

ወርውሮ ለመሳብ ከጃፓን የመጣው ስልት ክሩን ጥቂት አላልቶ የዘንጉን ጫፍ በእኩል ምት ማንቀጥቀጥና ክሩን በጣም በዝግታ መጠቅለል ነው። ማታለያው ወደ ፊት ብዙም ሳይሄድ ግራና ቀኝ ይንከባለላል፣ ሆዱም ብልጭ ይላል። ክሩ ከተወጠረ መንከባለሉ ይቆማል፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፣ እጅ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። ዓሣው ሲነክስ ሁልጊዜ መትቶ አይደለም። አንዳንዴ ክሩ በድንገት ይላላል፣ አንዳንዴ ትንሽ ይከብዳል። መንጠቆው ቀጭን በመሆኑ ዘንጉን በኃይል መንጠቅ አያስፈልግም፤ ክሩን ጠቅልሎ ማጥበቅና ዘንጉን ወደ ጎን መሳብ ይበቃል።

ዘዴውን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2018 ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ላይቭስኮፕ የሚባለውን፣ በድምፅ ሞገድ ውኃ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ ማቅረቡ ነው። መሣሪያው ከጀልባው ፊት ያለውን ዓሣ በቅጽበት ስክሪን ላይ ስለሚያሳይ፣ አጥማጁ ማታለያውን ከባሱ ራስ በላይ እያየ ያሳልፋል። ይህ ማጥመድ ነው ወይስ የቪዲዮ ጨዋታ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም፤ የውድድር አዘጋጆችም ገደብ አውጥተውበታል። መሣሪያው ጥልቀት የመገመትን ችሎታ እንደሚያሰንፍ አይካድም፤ ያየውን ዓሣ እንዲነክስ ማድረግ ግን አሁንም የእጅ ሥራ ነው።

ጉዳቱም አለ። የጂግ ክብደት የሚሠራበትን እርሳስ የተባለ ብረት የዋጡ፣ ሉን የሚባሉ የውኃ ወፎች ስለሚመረዙ ኒው ሃምፕሻየርን የመሳሰሉ ግዛቶች ትናንሽ የእርሳስ ጂጎችን ከልክለዋል። ተንግስተን የተባለው ሌላ ብረት ዋጋው ከፍ ቢልም ከእርሳስ ይልቅ እፍግ ስለሆነ በተመሳሳይ ክብደት የጂጉ ራስ መጠን ያንሳል። የተቀደደውም ፕላስቲክ ውኃ ውስጥ አይበሰብስም። በሜይን እ.ኤ.አ. በ2013 የጎማ ማታለያዎችን የሚያግድ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር፤ እገዳው ሳይጸድቅ ጉዳዩ ወደ ጥናት ተመራ።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ሐበሾች ቅርቡ ውኃ ፖቶማክ ነው። በዋና ከተማዋ ዙሪያ ወንዙ ከባሕር ሞገድ ጋር ስለሚሞላና ስለሚጎድል፣ ላርጅማውዝ በተለይ ውኃው ሲጎድል በሣሩ ዳር ይሰበሰባል። እዚያ ከመወርወር በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም 16 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ማጥመድ አይችልም። ያንኑ የፕላስቲክ ዓሣ ስኔክሄድም ይወደዋል፤ ከእስያ የመጣው ይህ ባለ ስለታም ጥርስ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2004 በፖቶማክ ከተገኘ ጀምሮ ስንቱን ማታለያ ቀርጥፏል።