ጃዝ በቫይብራፎን፦ የሃርሞኒና የኢምፕሮቪዜሽን ልምምድ

ቫይብራፎን ከአሉሚኒየም በተሠሩ ጠፍጣፋዎች ላይ በመምቻ እየመቱ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። የተለመደው ዓይነት 3 ኦክታቭ፣ በቁጥር 37 ጠፍጣፋዎች አሉት፤ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ ከመካከለኛው ዶ በታች ያለው ፋ ነው። ጠፍጣፋዎቹ እንደ ፒያኖ በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ድምፁን የሚያጎላ ቱቦ አለ። በቱቦዎቹ አፍ ላይ በሞተር የሚዞሩ ክብ ክዳኖች ድምፁን ያርገበግቡታል።

ልምምዱን ከፒያኖ ልምምድ የሚለየው ፔዳሉ፣ ማለትም የእግር መርገጫው ነው። ፒያኖ ላይ ጣት ከተነሣበት ቁልፍ የወጣው ድምፅ ብቻ ይቆማል። ቫይብራፎን ላይ ግን ማፈኛው ለ37ቱም አንድ ነው፦ ፔዳሉ ሲረገጥ የተመታው ሁሉ ይጮኻል፣ ሲለቀቅ ሁሉም ዝም ይላል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚመታውን ብቻ ሳይሆን የሚያቆመውንም ድምፅ እየመረጠ መሄድ አለበት። ጀማሪዎች በብዛት የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ በትክክል እያወቁት ድምፁ የሚደበላለቅባቸውም ለዚህ ነው።

መሣሪያውን ወደ ጃዝ ካስገቡት አንዱ ላዮነል ሃምፕተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ከትራምፔት ተጫዋቹ ሉዊስ አርምስትሮንግ ጋር ሙዚቃ ቀርጾበታል። ሚልት ጃክሰን በሁለት መምቻና በዝግታ በሚዞር ሞተር፣ እንደ ዘፋኝ የሚተነፍስ ዜማ አወጣበት። ጌሪ በርተን ደግሞ በአራት መምቻ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዜማና ኮርድን አንድ ላይ መጫወትን አስፋፋ፤ ከ1971 እስከ 2004 ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ አስተምሯል። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄም የተማሩት በዚያው በርክሊ ነው።

በእጅ መምቻ ድምፅ ማቆምን መልመድ ከስኬልም ከኮርድም ይቀድማል። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው፣ ፔዳሉን እንደረገጡ ዶን በግራ ይምቱ። ቀጥሎ ሬን በቀኝ ሲመቱ፣ በዚያው ቅጽበት የግራውን መምቻ ጭንቅላት ዶ ላይ ያሳርፉና ይጫኑት። ከዚያ ሚን በግራ፣ ሬን በቀኝ ማፈን፤ እንዲህ እያሉ ስኬሉን ይጨርሱ። መምቻው እንደ ምት ከወረደ የታፈነው ድምፅ ዳግም ይጮኻል፤ ለዘብ ብሎ ነክቶ ከተነሣ ደግሞ ይነዝራል። ማሳረፍና መጫን እንጂ መምታት አይደለም። ክር የተጠቀለለበት፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው መምቻ ለዚህ ይመቻል። ጠፍጣፋውን የያዘው ገመድ በሚያልፍበት ቦታ ላይ የመታ ሰው ደግሞ የሞተ ድምፅ ያገኛል፤ መሐሉን ወይም፣ በላይኛው ረድፍ ፍጥነት ሲያስፈልግ፣ ጫፉን መምታት ነው።

በአራት መምቻ ኮርድ ሲለማመዱ የኮርዱን መነሻ ድምፅ ለቤዝ ተጫዋቹ መተው ይሻላል። በዶ ሜጀር የታወቀውን የጃዝ የኮርድ ቅደም ተከተል እንውሰድ፦ ሬ ማይነር ሰባት፣ ሶል ሰባት፣ ዶ ሜጀር ሰባት። ለመጀመሪያው ግራ እጅ መካከለኛው ዶንና ሚን፣ ቀኝ እጅ ፋንና ላን ይይዛል። ወደ ሶል ሰባት ለመሄድ ከአራቱ የሚንቀሳቀሰው የግራ ዳሩ መምቻ ብቻ ነው፤ ከዶ ወደ ሲ ይወርዳል። ቀጥሎ እሱ ሲ ላይ ይቆይና ሌሎቹ ሦስቱ አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ፦ ሲ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ዶ ወደ ሲ ሲወርድ ፔዳሉ ካልተለቀቀ ሁለቱ ጎረቤት ድምፆች ይጋጫሉ። ስለዚህ አዲሱ ኮርድ በሚመታበት ቅጽበት እግር ተነሥቶ ወዲያው ይረገጣል፤ ቀድሞ ከተነሣ ክፍተት፣ ከዘገየ ጭቅጭቅ ይፈጠራል።

ይህንኑ ከ12ቱም ድምፆች እየተነሡ መጫወት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሙሉ ደረጃ እየወረዱ ስድስቱን፣ ከዚያ ግማሽ ደረጃ ከፍ ብለው ቀሪዎቹን ስድስት። የመሣሪያው ወሰን የሚታወቀው ያኔ ነው። ለምሳሌ ሬ ማይነር ሰባትን ከታችኛው ፋ ጀምሮ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ብሎ የያዘ ሰው መጨረሻ ላይ ወደ ሚ መውረድ ይፈልጋል፤ ያ ሚ ግን መሣሪያው ላይ የለም። ኮርዱን አስቀድሞ መገልበጥ፣ ማለትም ከሌላ ድምፁ ጀምሮ መያዝ ነው መፍትሔው።

ለኢምፕሮቪዜሽን፣ ማለትም እየፈጠሩ ለመጫወት፣ በፋ የሚጫወት የ12 ባር (የ12 ምት ክፍል) ብሉዝ ጥሩ ሜዳ ነው። ግራ እጅ የየኮርዱን ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፅ ብቻ ይያዝ፦ ለፋ ሰባት ላና ሚ ፍላት (ግማሽ ደረጃ ዝቅ ያለ ሚ)። ለሲ ፍላት ሰባት ሁለቱም ግማሽ ደረጃ ወርደው ላ ፍላትና ሬ ይሆናሉ፤ ለዶ ሰባት ደግሞ ከላና ከሚ ፍላት ግማሽ ደረጃ ወጥተው ሲ ፍላትና ሚ። ቀኝ እጅ መጀመሪያ ላይ በእነዚሁ ድምፆች ብቻ ዜማ ይፍጠር፤ ሌሎቹን ድምፆች መጨመር የኮርዱ ለውጥ ያለ ቤዝ እንኳ ሲሰማ ነው። ቫይብራፎን ላይ ጥቂት ድምፅ ብዙ ቦታ ይሞላል፤ ፈጥኖ ለመሮጥ መጓጓት ሐረጉን ያበላሻል።

የኛ ቅኝቶች ለዚህ መሣሪያ እጅግ ጠቃሚ ልምምድ ይሰጣሉ። የትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ግማሽ ደረጃ የለውም፤ ፔዳሉን ረግጠው አምስቱንም ቢያስጮኹ አይጋጭም። ስለዚህ ለጀማሪ ኢምፕሮቪዜሽን ይመቻል። ከሥሩ ላ ማይነር ሰባትን፣ ከዚያ ፋ ሜጀር ሰባትን ቢያኖሩ ያው ዜማ ቀለሙን ይለውጣል። ሶል ሰባትን ግን መቆጠብ ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ሲ ከቅኝቱ ውጭ ስለሆነ ጆሮን ወደ ሌላ ቤት ይጎትታል። ባቲ ሜጀር ላይ ሚና ፋ፣ ሲና ዶ ጎረቤት ስለሆኑ ማፈን ይጀመራል። አምባሰል ላይ ዶና ሬ ፍላት፣ ሶልና ላ ፍላት አሉ። አንቺሆዬ ላይ፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፣ ሁለቱ ጥንዶች ታችኛውንና ላይኛውን ረድፍ ስለሚያቋርጡ፣ አንዱ መምቻ ላይኛው ረድፍ ላይ ሲመታ ሌላው ከታች ያፍናል። ይህን ሜትሮኖም 50 ላይ ያለ ንዝረት የተወጣ እጅ ፍጥነቱን አራት አራት እያለ ቢጨምር ይበቃል።