ቅዳሜ ጠዋት በጣና ዳር፦ የባሕር ዳር የበጎ ፈቃድ ክበባት

ባሕር ዳር ላይ «ክበብ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ያቅፋል። አንዱ የትምህርት ቤት ነው፤ አባላቱ ዩኒፎርም የለበሱ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አንዱ የሰፈር ነው፤ እድርተኛ አባቶችና ጎረምሶች አንድ ላይ ያሉበት። ሌላው በቴሌግራም ተጠራርቶ የሚገናኝ፣ ቢሮም ማኅተምም የሌለው፣ ንብረቱ በሙሉ አሥር አካፋና አንድ የእጅ ጋሪ የሆነ ስብስብ ነው። ሁሉም ማንም ሳይከፍላቸው፣ ቀን ቆርጠው፣ ለሰፈራቸውና ለሐይቃቸው ይሠራሉ። ቀኑ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፀሐዩ ሳይበረታ። የባሕር ዳር ሙቀት የታወቀ ነው። አራት ሰዓት ካለፈ አካፋ ማንሳት ይከብዳል።

ከክበቡ በፊት

በጎጃምና በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ያለ ክፍያ መሥራትን የሚማረው ማሳ ላይ ነው። ደቦ ሲጠራ ባለቤቱ ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያስጋግራል፤ ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ወንፈል ደግሞ ብድር ነው። ዛሬ ለእኔ ካጨድክ፣ ነገ ላንተ አጭዳለሁ። እድር በሐዘን ቀን ድንኳን ይተክላል፣ ቀባሪ ያሰባስባል። ማኅበሩና ሰንበቴውም የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ።

ክበብ ከእነዚህ ብዙ ወርሷል። የመዋጮ መዝገቡ፣ የቀረ ሰው የሚቀጣበት ደንብ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መምረጡ ሁሉ ከእድር የመጣ ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ወንፈልና እድር የሚሠሩት ተራው ሲደርስ ለሚመልስ ሰው ነው። ክበብ የሚሠራው መመለስ ለማይችል ሰው ነው። አልጋ ላይ የዋሉ እናት ወንፈል አይመልሱም። ለእኔ የክበብ ሥራ ክብሩ እዚህ ላይ ነው።

በመላ አገሪቱ ካሉት የበጎ ፈቃድ ተቋማት አንጋፋው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። የቀይ መስቀል ክበብ ባለበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ የሚደማ ቁስል ማሰርን፣ የተሰበረ ክንድ በጨርቅ ማንጠልጠልን ገና በጠዋቱ ያውቃል።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። እነዚህ በትእዛዝ የተደረጉ ነበሩ፤ በጎ ፈቃድ ልንላቸው አንችልም። ነገር ግን የተማረ ሰው ያወቀውን ማካፈል አለበት የሚል ስሜት ትተው አልፈዋል። «ዘመቻ» የሚለውን ቃልም ትተውልናል። ዛሬም የጽዳት ዘመቻ፣ የችግኝ ዘመቻ፣ የእምቦጭ ዘመቻ እንላለን። ዘመቻ ግን ይጀመራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይዘጋል። የክበብ ዋጋ የሚታየው ዘመቻው ከተዘጋ በኋላ ነው።

የክበብ ሌላው መልክ ከውጭ የመጣ ነው። ሮታሪ በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ተመሠረተ፤ ላየንስ በ1917 እ.ኤ.አ. እዚያው ከተማ። የሮታሪ ክበብ ፕሬዚዳንት የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ይህችን ልማድ የሰፈር ክበቦቻችን ቢወስዷት ደስ ይለኛል። አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ክበብ፣ ያ ሰው ሥራ ሲያገኝ ወይም አዲስ አበባ ሲገባ አብሮ ይበተናል። ሮታሪ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖሊዮ ላይ ያለማቋረጥ ሠርቷል። አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። በመሃሉ 35 ዓመት አለ።

በሕግ በኩል፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ጥብቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ተክቶታል፤ ለማኅበራትም ሰፋ ያለ በር ከፍቷል። የሰፈር ክበብ ግን ብዙውን ጊዜ ከቀበሌው ወይም ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ሥራውን ይጀምራል።

የጭቃ ቤት

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የክረምት በጎ ፈቃድ ይጀመራል። ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል፣ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ግን የሰው ልብ የሚነካው የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ጭቃው ቀድሞ መቡካት አለበት። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይደባለቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ ቀናት ይሰነብታል። ሲቦካ ይሸታል፤ መሽተቱ ጥሩ ምልክት ነው። በችኮላ ያልቦካ ጭቃ የተመረገበት ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከምርጊቱ በፊት ደግሞ ማገሩ ይታያል፤ ምስጥ የበላው ይወጣል፣ በአዲስ ይተካል። ጣሪያው ላይ የዛገው ቆርቆሮ ሲነሳ ከስር ያለው እንጨት የበሰበሰ ሆኖ ይገኛል። ለሦስት ቆርቆሮ የወጣ መዋጮ እዚያ ላይ ያልቃል።

አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነበርኩ። የቤቱ ባለቤት እናት ከጎረቤት ደጃፍ ተቀምጠው ያዩናል። «ልጆቼ፣ እባካችሁ ቡና ላፍላላችሁ» ይላሉ። ምድጃቸው እኛ ያወጣነው ዕቃ ስር ተቀብሯል። አንዲት ልጅ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጭቃ እንደተለቀለቀ ሄዳ ጀበናውን ፈልጋ አመጣች። «እማማ፣ እኔ አፈላለሁ፤ እርስዎ ይመርቁን» አለቻቸው። መረቁን። ቡናውም ተጠጣ። ከሰዓት ዝናብ መጣና የመረግነው ግድግዳ ግማሹ ታጠበ።

ያ ቀን አንድ ነገር አስተምሮኛል። የበጎ ፈቃዱ ቀን የሚቆረጠው በትምህርት ቤት እረፍት ነው፤ ጭቃ ግን የትምህርት ቤት ካላንደር አያውቅም። ሐምሌና ነሐሴ ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ምርጊት የሚደርቀው በጋ ላይ ነው፤ ጣሪያም መጠገን ያለበት ሰኔ ሳይገባ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገናኝ ክበብ ግንቦት ላይ ጣሪያ ይቀይራል። ለክረምት ብቻ የሚሰበሰብ ግን በዝናብ ውስጥ ግድግዳ ይለጥፋል።

ሐይቁ

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል። ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ይወጣል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ አካባቢውን በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) መዝግቦታል። ጥልቀቱ ማነሱ ለአረም ያመቻል፤ ከየወንዙ የሚመጣው ደለልና ማዳበሪያም አረሙን ይመግበዋል።

እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በመገጭ መግቢያ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአንድ ወር ትልቅ ዘመቻ ተካሂዶ ብዙ ሕዝብ ወጥቷል። ከባሕር ዳር የሚሄዱ ክበቦች በአውቶቡስ በወረታ በኩል ተጉዘው ከፎገራና ከደምቢያ ገበሬዎች ጎን ቆመዋል።

እምቦጭ ነቅሎ የማያውቅ ሰው ክብደቱን አይገምትም። ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው። ሥሩ ከሥር ተቆላልፏል፤ አንዱን ስትጎትት አምስቱ ይመጣሉ። ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆሙት ይነቅላሉ፣ ከኋላ ያሉት በእንጨት ቃሬዛ ያወጣሉ። ሲጎተት ተቆርጦ የሚቀረው ቁራጭ በማዕበል ተወስዶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። የወጣውም ዳር ላይ ከተተወ ከንቱ ድካም ነው፤ ጣና መስከረም ላይ ሞልቶ ከዳር የተከመረውን መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ክምሩን ከውሃው ርቆ መውሰድና ማድረቅ፣ ከነቀላው ባልተናነሰ፣ ሰው ይፈልጋል። ፎቶ የሚነሳው ግን ነቀላው ነው።

ከተማዋ ዳር ያለው ችግር ሌላ ነው። እዚህ የሚለቀመው የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታልና የጫት ገረባ ነው። ደንገሉ ውስጥ የተጠላለፈ ፌስታል ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ደንገሉ እንዳይሰበር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የታንኳ መሥሪያ ነው፣ የወፍና የዓሣ መጠለያም ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ቦቲና ጓንት ማድረግ አለበት፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ጨለማ ሳይለቅ ወደ ውሃው መጠጋት አይገባም። ይህን ለአዲስ አባል የማይናገር ክበብ ጥፋተኛ ነው።

ደም፣ ደብተር፣ ማዕድ

ደም መለገስ የሚችለው ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው ነው። ደሙ የሚቀዳው በአሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ መስጠት ይቻላል። የተለገሰ ደም ግን ለዘላለም አይቀመጥም። ቀይ የደም ሴል ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት አምስት ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። ሰኔ 7 በሚውለው የዓለም የደም ለጋሾች ቀን መቶ ሰው ቢሰለፍ፣ ያ ደም ነሐሴ ላይ በወሊድ ለምትደማ እናት አይደርስም። አባላቱን በአራት ምድብ ከፍሎ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሰው የሚልክ ክበብ አውቃለሁ። ድግስ የለውም። ለደም ባንክ ግን ይሄ ይሻለዋል።

ማጠናከሪያ ትምህርት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፈላጊው በዝቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት ብዙ ቤት አስለቅሷል። ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስረዳ ተማሪ አይጠፋም። ችግሩ አስረጂው በራሱ ፈተና ሰሞን መጥፋቱ ነው። ልጆቹ ሁለት ቅዳሜ መጥተው አስተማሪ ካጡ፣ በሦስተኛው አይመጡም።

በበዓል ሰሞን ዱቄት፣ ዘይትና ሽንኩርት ተሰብስቦ ማዕድ ይጋራል። በጥምቀት ወጣቱ መንገድ ይጠርጋል፣ በታቦት ፊት ምንጣፍ ያነጥፋል። በኢድ የሶላቱ ሜዳ ሲጸዳም ክርስቲያን ጎረቤት መጥረጊያ ይዞ ይወጣል።

መግባትና መቆየት

አባል መሆን ከባድ አይደለም። ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ኮፒ ይበቃል፤ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ የወላጅ ፈቃድ ያመጣል። መዋጮ በየወሩ ነው። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሚስማር ደረሰኝ ይያዝ። የክበብ ጠብ ዘጠና በመቶው የሚነሳው ከሌባ ሳይሆን ከጠፋ ደረሰኝ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር ልበል። ዘይት የተቀበሉ እናት ፊታቸው በፌስቡክ ሲወጣ ጎረቤት ያያል፣ የልጃቸው ጓደኛ ያያል። ሥራውን አሳዩ፤ የተመረገውን ግድግዳ፣ የተቀየረውን ቆርቆሮ። የተቸገረ ሰው ፊት ግን የእርሱ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭት የክበቦቹን ሥራ አክብዶታል። ከከተማ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሰሜን መሄድ እንደ ድሮው አይደለም። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በቴሌግራም ብቻ የሚጠራሩ ስብስቦች ተበተኑ። ቤት ለቤት የሚተዋወቁት ግን በስልክም በሰው መልእክትም ተጠራርተው ቀጠሉ።

የበጋውን ሥራ ማንም አያየውም። ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ የሚሞተው ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ መሬቱ ሲደርቅና ከብት ሲለቀቅ። የአንድ የትምህርት ቤት ክበብ መዝገብ አይቻለሁ። ተራ ደብተር ነው። በግራ የችግኙ ቁጥር፣ ቀጥሎ የሚያጠጣው ልጅ ስም፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚደረግ ምልክት። አንድ ጀሪካን ለአምስት ችግኝ። በአሥራ ሰባተኛው ችግኝ ፊት ለፊት በልጅ እጅ «ፍየል በላው» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም በሌላ ቀለም «እንደገና ተተከለ» ይላል።